ሁለት ባላ የተከለች ደሴት

እንደምን አመሻችሁ!

በዚህ ዝናብ ከቤት ወጥታችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ደሴት የድሮ ጉዳይ ልትሰሙ መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። እግዜር ይስጥልኝ። አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ "የፈለግከውን ተናገር" አሉኝ። ባህሬን አልኳቸው። ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ አንደኛው "እህቴ እኮ እዚያ ናት" አለኝ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥም እህቱ ወይም የአክስቱ ልጅ ባህሬን የሆነች አትጠፋም። ብዙዎቻችን አገሪቱን የምናውቃት በስልክ ነው። ከሥራ በኋላ በሚላክ የድምፅ መልእክት፣ በወር መጨረሻ በሚመጣ ገንዘብ። ዛሬ ማታ ግን የማወራችሁ ከዚያ በፊት ስለነበረችው ባህሬን ነው። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ ከዓመቱ ሰባት ስምንት እየቀነሳችሁ ተከተሉኝ።

መጀመሪያ ስፋቷን እንያዝ። ባሕሩን በአፈር እየሞሉ አስፍተዋት እንኳ ዛሬ 800 ካሬ ኪሎ ሜትር አትሞላም። አዲስ አበባን አንድ ተኩል ጊዜ ብታክል ነው። ስሟ በአረብኛ "ሁለት ባሕር" ማለት ነው። ባሕር የምትለዋ ቃል ለእኛም ያችው ናት። ደግሞ እውነትም ሁለት ባሕር አላት። ከጨዋማው ባሕር ወለል ሥር ጣፋጭ ውሃ ይፈልቅ ነበር። ጠላቂዎች ስልቻ ይዘው ይወርዱና ከጨው መሐል የሚጠጣ ውሃ ቀድተው ይወጡ ነበር። እኔ ከታሪኩ ሁሉ በላይ ይህቺ ነገር ታስደንቀኛለች።

ውሃ አላት፤ ስለዚህ ተምር አላት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሉል አላት። ነዳጅ ዘይት ባልታወቀበት ዘመን የባሕረ ሰላጤው ሀብት ሉል ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሀብት፣ ሠራዊት በሌለው፣ በጀልባ በሚደረስበት ቦታ ተቀምጦ ማን ዝም ይለዋል?

ማንም ዝም አላለውም። ፖርቱጋሎች በ1521 ያዟት፤ ልብ በሉ፣ መልእክተኞቻቸው ምጽዋ ወርደው ወደ አፄ ልብነ ድንግል በተጓዙ በዓመቱ ነው። በ1602 ፋርሶች አስወጧቸው። በ1783 ከዛሬዋ ኳታር ጠረፍ፣ ከዙባራ የተነሱ የኸሊፋ ቤተሰቦች በፋርስ ስም ይገዛ የነበረውን ሹም አባርረው ደሴቲቱን ወሰዱ። ዛሬም የሚገዟት የእነሱ ልጆች ናቸው። ከ240 ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

የዛሬው ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። በዙሪያዋ ፋርስ፣ ኦቶማን ቱርክ፣ ሙስካት ማለት የዛሬዋ ኦማን፣ ከመካከለኛው አረቢያ ከነጅድ የተነሱት ዋሃቢዎች፣ በኋላም እንግሊዝ። እንዴት ቆዩ?

አባቶቻችን "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል" ይላሉ። ኸሊፋዎች ሁለት አይደለም፣ አራት አምስት ነው የተከሉት። በ1800 ገደማ የሙስካት ገዢ መጣና ደሴቲቱን ያዘ። ወደ ዋሃቢዎች ሮጡ፤ በእነሱ ርዳታ ሙስካትን አስወጡ። በ1810 ደግሞ ረዳቶቹ ዋሃቢዎች ራሳቸው ጌታ ሆነው ቁጭ አሉ። ዋሃቢዎቹን ለማስወጣት የረዳቸው ማን ይመስላችኋል? ያው ሙስካት! በ1839 የግብፁ መሐመድ አሊ ጦር ምሥራቅ አረቢያ ደረሰ። በሱዳን በኩል ለእኛም ክፉ ጎረቤት የሆነው መሐመድ አሊ ነው። የባህሬኑ ገዢ ሼክ አብዱላህ ለግብፅም ለመገበር ተስማሙ።

ሰው ይህን ሲሰማ "እናቴን ያገባ ሁሉ አባቴ" ብሎ ይስቃል። እኔም ድሮ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም። ግብር ለእነሱ የታማኝነት ጉዳይ አልነበረም፤ የቤት ኪራይ ነበር። አከራዩ ሲቀየር ኪራዩ ለአዲሱ ይከፈላል። ዋናው ነገር ቤቱ ውስጥ መቆየት ነው።

ትልልቆቹስ ቢሆኑ ምን ያህል ያከብሯት ነበር? በ1822 ብሩስ የሚባል የእንግሊዝ ሹም ሺራዝ ላይ ከፋርሱ ልዑል ጋር ተቀምጦ ባህሬን የፋርስ ናት የሚል ውል ፈረመ። ደሴቲቱ የእንግሊዝ አልነበረችም። የልዑሉም አልነበረችም። በህንድ የነበረው የእንግሊዞች የቦምቤይ መንግሥት ሲሰማ ውሉን ጣለው፣ ሰውየውንም ከቦታው አነሳው። የሚገርመው የፋርሱ ሻህም ያለ እኔ ፈቃድ ነው ብሎ ውሉን አልቀበልም አለ። ሁለቱም ወገን የካደው ወረቀት ነው። ሆኖም ፋርሶች ከዚያ ወዲያ ለመቶ ዓመትና ከዚያ በላይ የይገባኛል ክርክራቸውን ሲያነሱ ያችኑ ወረቀት ይጠቅሱ ነበር። የካዱትን ውል መልሶ ማስረጃ ማድረግ! ፍርድ ቤት የተንከራተተ ሰው ይህን ዘዴ ያውቀዋል።

አሁን ወደምወደው ሰው ልምጣ። እወደዋለሁ ስል አከብረዋለሁ ማለቴ አይደለም። ሼክ መሐመድ ቢን ኸሊፋ ይባላሉ። የአያታቸውን ወንድም ሼክ አብዱላህን በ1843 አስወጥተው ነው የነገሡት። በ1859 የነጅድ ዋሃቢዎች ማስፈራራት ሲጀምሩ ቁጭ ብለው ሁለት ቦታ ጻፉ። አንዱ ለፋርስ፣ አንዱ ባግዳድ ላለው የኦቶማን ገዢ። ለሁለቱም የእናንተ ነኝ፣ ጠብቁኝ ነው ነገሩ። ሁለቱም አመኑና ሰው ላኩ። በ1860 ፋርሱ ቀድሞ ደረሰ፤ የፋርስ ባንዲራ ተሰቀለ። ቀጥሎ የኦቶማኑ መጣ፤ የኦቶማን ባንዲራ ተሰቀለ።

እስቲ ያንን ባንዲራ ሰቃይ አስቡት። ስሙን የጻፈ የለም። ጠዋት "የትኛውን ላውጣ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖር ነበረበት።

ጨዋታው የተበላሸው ሦስተኛ ተጫዋች ትዕግሥቱ ሲያልቅ ነው። እንግሊዝ ባሕረ ሰላጤውን የምትፈልገው ለህንድ መንገዷ ነው። ሁለት መንግሥት በአንዲት ደሴት ላይ ባንዲራ ሲቀያየር ቆማ ማየት አልፈለገችም። ግንቦት 1861 ላይ ሼኩ ከእንግሊዝ ጋር ፈረሙ። ውሉ ነፃ ገዢ ይላቸዋል። በባሕር ላይ ጦርነት፣ የባሕር ላይ ዘረፋና የባሪያ ንግድ ይተዋሉ፤ በምላሹ ከባሕር ለሚመጣ ጥቃት እንግሊዝ ትደርስላቸዋለች። የነፃ ገዢን ነፃነት ሌላ ሰው ጽፎ ሲሰጠው እኔ በበኩሌ ትንሽ ይጎረብጠኛል።

ሼኩ ግን ውሉን እንደ ሌላው ሁሉ መስሏቸው ነበር። አንድ ተጨማሪ ባላ። በ1867 ከአቡዳቢ ጋር አብረው በባሕር ተሻግረው የኳታሮቹን ከተሞች ዶሃንና ዋክራን ዘረፉ። በ1868 የእንግሊዙ ሹም ሉዊስ ፔሊ የጦር መርከብ ይዞ መጣ። ያቺን ዓመት እኛም አንረሳትም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ከቦምቤይ የተጫነ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ላይ ነበር። መስከረም ላይ ፔሊ ባህሬን ደረሰ። አንዱ ጉዳይ ከሌላው ጋር አይገናኝም፤ ብቻ የቦምቤይ ሰዎች ያን ዓመት ሥራ አልፈቱም።

ሼክ መሐመድ ሸሹ። ወንድማቸው ሼክ አሊ ተተኩ። በ1869 መሐመድ ተመልሰው መጡ፣ በውጊያው አሊ ተገደሉ። ከዚያ አብሯቸው የዘመተው የሼክ አብዱላህ ልጅ ራሳቸውን ሼክ መሐመድን አሰራቸው። የአያታቸውን ወንድም ያባረሩት ሰው በእኚያው ሽማግሌ ልጅ ታሰሩ። እንግሊዞች እንደገና መጥተው ሁለቱንም ለቅመው ወደ ህንድ አጋዟቸው። ያ ሁሉ ባላ ተተክሎ ሰውየው ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነው ቀሩ።

በቦታው የተቀመጠው የሟቹ የአሊ ልጅ፣ የ21 ዓመቱ ሼክ ኢሳ ነው። ኢሳ የአጎታቸውን መጨረሻ አይተዋል። ባላ መትከል ተዉ። በ1880 ያለ እንግሊዝ ፈቃድ ከሌላ መንግሥት ጋር ላይዋዋሉ ፈረሙ። በ1892 ደግሞ መሬታቸውን ከእንግሊዝ በቀር ለማንም ላይሸጡ፣ ላያስይዙ፣ ላይሰጡ ፈረሙ።

እዚህ ላይ ውጫሌ ትዝ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። አዎ፤ አንቀጽ 17። በ1889 ጣልያን አፄ ምኒልክን ሊያስገባበት የሞከረው ጫማ ይኸው ነው፤ የውጭ ግንኙነትህ በእኔ በኩል ይሁን። ምኒልክ አልፈልግም አሉ፤ የአልፈልግምን ዋጋ የሚከፍል ሠራዊትና ተራራም ነበራቸው። ኢሳ ሉል ጠላቂዎችና ተምር ነበራቸው። ስለዚህ ሰውየውን ፈሪ የሚላቸው ካለ እኔ አልስማማም። ግን አንድ ነገር እውነት ነው። አጎትየው የተጫወቱት ገዢ ብዙ በሆነበት ገበያ ነበር። ኢሳ ገበያውን ዘግተው ለአንድ ደንበኛ ብቻ ሸጡ። ከዚያ በኋላ ዋጋ የሚቆርጠው ደንበኛው ነው። በ1923 ዋጋው ታወቀ። እንግሊዞች፣ 54 ዓመት የገዙትን ሽማግሌ፣ ይበቃዎታል አሏቸው። አልለቅም አሉ። አልሰሟቸውም፤ ሥራው ለልጃቸው ለሐመድ ተሰጠ።

ይህን ሁሉ ጊዜ የማወራው ስለ ሼኮችና ስለ ሹሞች ነው። ግብሩን ግን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነበር። በበጋ አራት ወር ያህል ባሕር ላይ ከርሞ፣ አፍንጫውን በመቆንጠጫ ዘግቶ፣ እግሩ ላይ ድንጋይ አስሮ የሚወርድ ሰው። ከመነሳቱ በፊት ከጀልባው አለቃ ብር ይበደራል። ሉሉ ካልበቃ ዕዳው ለከርሞ ይተላለፋል። ቢሞት ዕዳው ለልጁ ወይም ለወንድሙ ይሄዳል። ያ ሰው ምሰሶው ላይ የፋርስ ይሁን የቱርክ ባንዲራ ቢያይ ምን ለውጥ ያመጣለታል? የተምር ገበሬውም፣ በብዛት የደሴቲቱ ጥንታዊ ነዋሪ የሆነው ሺዓው፣ ያው ነው። ማን ይግዛህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። በ1932 ጠላቂዎቹ አመፁ። በዚያው ዓመት ነዳጅ ዘይት ተገኘ። በዚያው ዓመት ሼክ ኢሳም ሞቱ። አንዳንድ ዓመት እንዲህ ይጨናነቃል።

ፋርስ፣ አሁን ኢራን፣ ይገባኛል ማለቷን አልተወችም። በ1957 ባህሬንን 14ኛ ክፍለ ሀገሬ ብላ አወጀች። በ1968 እንግሊዝ ከአካባቢው ልትወጣ መሆኗን ስታሳውቅ ነገሩ ጠነከረ። ሻሁ ግን በጉልበት አልወስዳትም አሉ። በ1970 ተባበሩት መንግሥታት ቪቶሪዮ ዊንስፒር ጉዊቻርዲ የሚባሉ ጣልያናዊ ዲፕሎማት ላከ። ሕዝቡ በድምፅ መስጫ ሳጥን አልተጠየቀም። እሳቸው ክለቦችን፣ ማኅበራትን፣ የአገር ሽማግሌዎችን እየዞሩ አነጋገሩ። ሙሉ ጥያቄ ነው ለማለት ይከብደኛል። ቢሆንም ደሴቲቱ የማን መሆን ትፈልጋለች ተብሎ ሰዎቿ ሲጠየቁ የመጀመሪያው ነበር። መልሱ የማንም ሳትሆን ራሷን የቻለች አገር ትሁን የሚል ሆነ። ግንቦት 11 ቀን 1970 የጸጥታው ምክር ቤት በሙሉ ድምፅ አጸደቀው።

ነሐሴ 1971 ላይ ባህሬን ነፃ ወጣች። ብሔራዊ በዓሏን ግን በነሐሴ አታከብርም። የሚከበረው ታኅሣሥ 16 ነው፤ ከነፃነት በፊት፣ በ1961 የነበሩት ሼክ የንግሥና ሥርዓታቸው የተፈጸመበት ቀን።

እንግሊዞች ጁፈይር ላይ የነበረውን የባሕር ኃይል ሠፈር ለቀው ሲወጡ አሜሪካኖች ገቡበት። የአሜሪካ አምስተኛ መርከብ ጦር ዋና ሠፈሩ ዛሬም እዚያ ነው። በ2018 ደግሞ እንግሊዝ ከዚያው ብዙም ሳይርቅ፣ ሚና ሰልማን ወደብ ላይ፣ አዲስ የባሕር ኃይል ሠፈር ከፈተች።

ጥያቄ ካላችሁ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ እንጀምር።