ጎረቤት ሪፒተሮች ሲጠላለፉ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ አማተር ሬዲዮ፣ ሰዎች ፈቃድ አውጥተው ለንግድ ሳይሆን ለፍላጎታቸው ስለሚነጋገሩበት ሬዲዮ፣ ስናወራ ስልኩ ተጨናንቆ ሳይመለሱ የቀሩ ጥያቄዎች ነበሩ፣ አብዛኞቹ ስለ ሪፒተር ናቸው። ለአዲስ አድማጭ ባጭሩ፣ ሪፒተር ማለት ከፍ ያለ ቦታ ተተክሎ ደካማዋን የእጅ ሬዲዮ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሰምቶ እዛው በዛው በሌላ ፍሪኩዌንሲ በጉልበት መልሶ የሚለቅ ጣቢያ ነው። የሚሰማበትን ኢንፑት፣ የሚለቅበትን አውትፑት እንላለን። አሜሪካ ውስጥ በ2 ሜትር ባንድ፣ ማለትም የሞገዱ ርዝመት ወደ 2 ሜትር በሆነው የአማተሮች ክልል፣ በሁለቱ መሀል ብዙ ጊዜ 600 ኪሎኸርዝ ነው ያለው፣ ይቺን ቁጥር ያዟት በኋላ እንፈልጋታለን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወሉ አድማጭ፦ «ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስነዳ እኛ ሪፒተር ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ይመጣሉ፣ የሚያወሩት ስለ ሌላ ከተማ ትራፊክ ነው፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ደግሞ ድራሻቸው ይጠፋል። ሆን ብሎ የሚረብሸን ሰው አለ እንዴ?»

ኧረ ማንም የለም። 2 ሜትር አሜሪካ ውስጥ ከ144 እስከ 148 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ ለሁሉም ከተማ የራሱ ፍሪኩዌንሲ አይደርሰውም፣ ስለዚህ አንዱን ፍሪኩዌንሲ አራርቀው ለሁለት ለሦስት ሪፒተር ይሰጡታል፣ ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ሰሜን ቨርጂንያን ይሄን የሚያስተባብረው ቲ-ማርክ የሚባለው ካውንስል ነው። በአዘቦት ቀን ርቀቱ ይበቃል። ግን ነፋስ የሌለበት ሌሊት መሬቱ ይቀዘቅዝና ከላይ ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይተኛበታል፣ ያኔ ወደ ሰማይ ማምለጥ የነበረበት ሞገድ ጎንበስ ብሎ በመሀል እየተንሸራተተ ብዙ መቶ ኪሎሜትር ይሄዳል፣ ትሮፖ ዳክቲንግ ይሉታል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ክዳኑ ይፈርሳል፣ ሰዎችዎም የሚጠፉት ለዛ ነው። የእርስዎ ሪፒተር ቶን፣ ማለትም ከንግግሩ ጋር አብሮ የሚሄድ ጆሮ የማያስተውለው መለያ ድምፅ፣ የሚለቅ ከሆነ ሬዲዮዎ ላይ ቶን ስኩዌልች ያብሩ፣ ያ መለያ ከሌለ ሬዲዮው ዝም ይላል፣ በሰላም ይንዱ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ «እኛም ሪፒተራችን ቶን የሌለውን እንዳያስገባ አድርገን ነበር፣ መጀመሪያ ጸጥ አለ፣ አሁን ግን የራሳችን ሰው እያወራ ድምፁ ያጉረመርማል ይቆራረጣል። ቶኑ ተበላሽቶ ይሆን?»

ቶኑ ምንም አልሆነ። ቶን በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው፣ ምልክቱን ያልያዘውን አያስገባም እንጂ መንገዱ ላይ የሚጮኸውን ዝም አያሰኝም። የናንተ ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ያኛውም ጫጫታ አብሮ ይገባል። ኤፍኤም ላይ ጠንካራው ደካማውን ይውጠዋል፣ ጉልበታቸው ሲቀራረብ ነው ማጉረምረም የሚመጣው። እና ማንንም ከመውቀሳችሁ በፊት ሬዲዮው ላይ ሪቨርስ የምትለውን ቁልፍ ተጫኑና ችግሩ ሲመጣ ኢንፑቱን አድምጡ። እንግዳው ሰው ኢንፑቱ ላይ ከተሰማ የሚገባው ሪፒተራችሁ ውስጥ ነው፣ ግን ሪፒተሩ ያለው ከፍታ ላይ ስለሆነ ታች ሆናችሁ ላትሰሙት ትችላላችሁ፣ ሪፒተሩ አንቴና አቅራቢያ ሄዶ መሞከሩ ይሻላል። ችግሩ የሚሰማው አንድ ሰፈር ብቻ ሆኖ ሌላ ቦታ ያሉት ጥርት አድርገው የሚሰሙ ከሆነ ደግሞ ሪፒተሩ ደህና ነው፣ እናንተ ሁለት አውትፑት መሀል ቆማችሁ ነው። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው፣ ይሄን ሳይለዩ ነው ሰው ረጅም የክስ ኢሜይል የሚጻጻፈው። ሕጉን ለሚጠይቁ፦ የአሜሪካው ኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ የኤፍሲሲ የአማተር ሬዲዮ ደንብ፣ ፓርት 97፣ እንደሚለው ሁለት ሪፒተር ከተጠላለፈ ሁለቱም እኩል የመፍታት ኃላፊነት አለባቸው፣ አንዱ የተመዘገበና የተስተባበረ ሌላኛው ያልተስተባበረ ከሆነ ግን ቀዳሚው ኃላፊነት ያልተስተባበረው ላይ ይወድቃል።

ከባልቲሞር፣ የክለብ ቴክኒሻን ናቸው፦ «ኢንጅነር፣ የኛ አውትፑት 146.70 ነው፣ እዛው ታወር ላይ 147.30 የሆነ ሪፒተር ገባ። ሁለታችንም ስንለቅ የኛው ይደነቁራል፣ ደካማ ሬዲዮ አይሰማም፣ አንዳንዴም የነሱን ድምፅ ይደግማል፣ ፍሪኩዌንሲያችን ግን አይቀራረብም።»

ይሄን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፣ ወረቀት አምጡ። ሁለት ጠንካራ ሞገድ አንድ ቦታ ሲደባለቅ ሌላ አዲስ ፍሪኩዌንሲ ይወልዳል፣ የቱን እንደሆነ በሒሳብ እንየው። 146.70ን በ2 አባዙና 147.30 ቀንሱለት፣ 146.10 ይመጣል፣ እሱ ደግሞ የናንተ ኢንፑት ነው። አሁን ገልብጡት፣ 147.30 በ2 ተባዝቶ 146.70 ሲቀነስ 147.90፣ የነሱ ኢንፑት! አውትፑታችሁ ልክ በዛችው በ600 ኪሎኸርዝ ስለተራራቀ ሁለታችሁም እኩል ትጎዳላችሁ፣ እነሱም አሁን በናንተ እያማረሩ ይሆናል። ይሄ መደባለቅ ኢንተርሞድ ይባላል።

ቀጥሎ የት ነው የሚፈጠረው የሚለው ነው። የሪፒተሩ ሰሚ ክፍል፣ ሪሲቨሩ፣ መግቢያ ላይ 3 ዲቢ አቴኑዌተር፣ ማለትም ሞገድ የሚያዳክም ዕቃ፣ አስገቡ፣ ዲቢ የጉልበት ልዩነት መለኪያ ነው፣ ረባሹ በ3 ዲቢ ብቻ ከቀነሰ ከውጭ ተሠርቶ ነው የሚመጣው፣ ወደ 9 ዲቢ ከወረደ ግን የሚፈጠረው ራሱ ሪሲቨሩ ውስጥ ነውና ከራሳችሁ ፍሪኩዌንሲ ውጭ ያለውን የሚያግድ ጥሩ ካቪቲ ፊልተር ያስፈልጋችኋል። ከውጭ ከሆነ ብዙ ጊዜ የአንዱ ኃይል በሌላው አንቴና ገብቶ በሚለቀው ክፍል፣ ትራንስሚተሩ፣ ውስጥ ይደባለቃል፣ መፍትሔው ሁለቱም ትራንስሚተር ላይ አይሶሌተር፣ ወደ ውጭ አሳልፎ ተመላሹን የሚያግድ ዕቃ፣ ማድረግ ነው፣ ወጪውን ተካፈሉ። እሱም ካልሆነ የዛገ ብሎን፣ የላላ ሽቦ፣ አጥር ሳይቀር ፈልጉ፣ ዝገት ሁለት ሞገድ ያደባልቃል፣ ዝናብ ሲዘንብ ጸባዩ የሚለዋወጥ ከሆነ በተለይ እሱን ጠርጥሩ።

የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ሪፒተራችን ሲደነቁር ወራት ሙሉ ጎረቤት አማን፣ ስብሰባ ጠራን፣ በመጨረሻ ጎረቤቱ ተናዶ ጣቢያውን አጠፋው፣ የኛው ግን እንደደነቆረ ቀረ። ለካ እኔው ራሴ ርካሽ ነው ብዬ ያስገባሁት ኬብል ነው፣ ፎይልና ሽቦ ተደርቦ የሚሠራው ዓይነት፣ ሁለቱ ብረት ሲፋተግ ኬብሉ ራሱ ጩኸት ያመነጫል፣ በአንድ ጊዜ ለሚሰማና ለሚለቅ ሪፒተር ደግሞ መርዝ ነው። ሃርድላይን በሚባለው፣ ውጩ ድፍን ብረት በሆነው ኬብል ስንቀይረው በዛው ቀን ዳነ። ለጎረቤታችን ቡና ጋብዤ ይቅርታ ጠየቅኩ።

የመጨረሻው ከፍራንክፈርት፦ «ከአሜሪካ ዘመድ የላከልኝን የእጅ ሬዲዮ ስጠቀም የሌላ ሪፒተር ሰዎች ትረብሸናለህ ይሉኛል።»

ልክ ናቸው ወንድሜ። አሜሪካ ቻናሎቹ በ15 ወይ በ20 ኪሎኸርዝ ነው የሚራራቁት፣ እዛ ጀርመን ግን 2 ሜትር ላይ 12.5 ነው፣ ያንተ ሬዲዮ ዋይድ፣ ማለትም ሰፊ ቦታ የሚይዘው አቀማመጥ፣ ላይ ሆኖ ድምፅህ ወደ ጎን ቻናል ይፈሳል። ሜኑ ውስጥ ግባና ናሮው፣ ጠባቡ ላይ፣ አድርገው፣ ማይኩንም ከአፍህ ትንሽ ራቅ አድርገህ ያዘው።