የኮራል ጁገል፦ ባለ ሸራ ጀልባ ወደ አቶል የምትገባው እንዴት ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተመልካቾች። ዛሬ ድምፄን የምትሰሙት ሐረር ላይ፣ ከሸዋ በር ጥቂት ገባ ብሎ ከሚገኝ ቤት ነው፤ ስለዚህ በንግግሬ መካከል የባጃጅ ጡሩምባ ወይም የገበያ ጫጫታ ቢያቋርጠኝ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ። የምንነጋገረው ግን ከዚህ እጅግ ርቆ ስለሚገኝ ቦታ ነው፤ በደቡብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ስለተበተኑት ስለ ቱአሞቱ ደሴቶችና በእነርሱ መካከል በባለ ሸራ ጀልባ ስለ መጓዝ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ቱአሞቱ በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ሥር ያለ የደሴቶች ስብስብ ሲሆን ከ70 በላይ ደሴቶች አሉት፤ ከጥቂቱ በስተቀርም ሁሉም አቶል የሚባሉት ናቸው። ደሴት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን በጣና ላይ እንዳሉት ያለ፣ ውሃ የከበበው መሬት ነው። አቶል ግን ውሃ የከበበው መሬት፣ ያ መሬት ደግሞ በተራው የከበበው ውሃ ነው። መሐል ያለው የተረጋጋ ውሃ ላጉን ይባላል። ቀለበቱን የሠራው ኮራል ነው፤ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረው ተራራ ቀስ በቀስ ሲሰጥም፣ በዳርቻው የበቀለው ኮራል ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ እያደገ ይሄድና በመጨረሻ ተራራው ጠፍቶ ቀለበቱ ብቻ ይቀራል። ቻርለስ ዳርዊን ይህን ሐሳብ በ1842 አሳተመ፤ በ1952 በማርሻል ደሴቶች በኢኒዌታክ አቶል በተደረገ ቁፋሮ፣ ከ1200 ሜትር በላይ ከወረዱ በኋላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለተገኘ ነገሩ ተረጋገጠ። ይህን በዚሁ እንለፈው፤ የዛሬው ጉዳያችን ስለ ግንቡ አሠራር ሳይሆን ስለ በሩ ነው።

አዎን፣ ስለ በሩ። አቶልን ለማስረዳት ከጁገል የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ሐረር ስለምኖር አዳልቼ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን እስኪ ስሙኝና ፍረዱ። ጁገል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተገነባ፣ ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የድንጋይ ግንብ ነው። ከሩቅ አገር ቡና ወይም ጨው ጭኖ የመጣ ነጋዴ በፈለገበት በኩል አይገባም ነበር። የሚገባው በአምስቱ በሮች ብቻ ነው፤ በሸዋ በር፣ በቡዳ በር፣ በሰንጋ በር፣ በኤረር በር እና በፈላና በር። መኪና የሚገባበት ስድስተኛው በር ኋላ የተከፈተ በመሆኑ ለዛሬው ምሳሌያችን አንቆጥረውም፤ የዚያ ሰፈር ሰዎች እንዳትቀየሙኝ።

አቶልም እንዲሁ ነው። ራንጊሮአ የተባለው የቱአሞቱ ትልቁ አቶል ላጉኑ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ነገር ግን ጀልባ የሚገባባቸው ዋና በሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው፣ አቫቶሩ እና ቲፑታ ይባላሉ። ፋካራቫም ሁለት በሮች አሉት፤ የሰሜኑ ጋሩአኤ በጣም ሰፊ ሲሆን፣ የደቡቡ ቱማኮሁአ ግን ጠባብ ነው። አናአን የመሰሉ ደግሞ ጭራሹን በር የላቸውም፤ ግንብ ብቻ።

ጁገል ውስጥ የኖረ ሰው በሮቹን ብቻ አይደለም የሚያውቀው። በግንቡ ግርጌ ጅቦች በሌሊት የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ጅቡ በዚያ ይገባል፣ የቤቱን ጥራጊና የሥጋውን ትራፊ ለቃቅሞ በዚያው ይወጣል፤ ግመል ግን በዚያ ቀዳዳ አይገባም። አቶሎችም እንዲህ ያሉ የጅብ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ በአካባቢው ቋንቋ ሆአ ይባላሉ። የውቅያኖሱ ውሃ በእነርሱ በኩል ወደ ላጉኑ ይፈስሳል፣ ጥልቀታቸው ግን ትንሽ ስለሆነ ጀልባ ልለፍባቸው ብትል ሆዷን ትቀደዳለች። ማታኢቫ የተባለ አንድ አቶል አለ፤ የስሙ ትርጉም «ዘጠኝ ዓይን» ማለት ነው፣ ዘጠኙ ዓይኖች ደግሞ እነዚህ ቀዳዳዎች ናቸው። ማታኢቫን በልባችሁ ያዙልኝ፣ ወደ እርሷ እንመለሳለን።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በጥንቱ ዘመን የጁገል በሮች ሲመሽ ይዘጉ ነበር። ከመሸ የደረሰ ነጋዴ ግመሎቹን ከግንቡ ውጭ አስተኝቶ፣ እሳት አንድዶ፣ እስኪነጋ ይጠብቃል። የጀልባ አዛዥም አመሻሽ ላይ አቶሉ ዘንድ ከደረሰ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሸራውን ቀንሶ፣ ከግንቡ በብዙ ማይል ርቆ፣ ሌሊቱን ወዲያና ወዲህ እያለ ያድራል። ጂፒኤስ አለኝ ብሎ በጨለማ የሚገባ አዛዥ አስተዋይ አይባልም። አቶል ከውሃው በላይ ጥቂት ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በቀን እንኳ የኮኮነት ዛፎቹ ጫፍ የሚታየው ወደ 8 ወይም 10 የባሕር ማይል ሲቀርቡ ነው። ፈረንሳዊው ቡጋንቪል በ1768 ባለፈበት ጊዜ አካባቢውን «አደገኛው ደሴተ ብዙ» ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁትን እጠይቃለሁ፤ ደወሉንም ብትጫኑ የሚቀጥለው ቪዲዮ በሩን አንኳኩቶ ይገባላችኋል።

አሁን አዛዡ በበሩ ፊት ለፊት ነው፤ ነግቷል፣ ፀሐይም ወጥታለች። ታዲያ ለምን አይገባም? የሸዋ በር ገበያን አስቡ። በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ በግንቡ ላይ ተንጠላጥሎ ወደ ውስጥ እየዘለለ ይገባል እንበል፤ ከምሥራቅም ከደቡብም በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ይዘልላል። መውጣት የሚቻለው ግን በአንዲት በር ብቻ ነው። እናንተ በዚያች በር፣ ያውም ጋሪ እየገፋችሁ፣ ልትገቡ ትሞክራላችሁ። መኪና ግርግር የተባለውን የሐረር ጠባብ መንገድ በተጨናነቀ ሰዓት ተቃርኖ የሄደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ ትከሻ እየመታችሁ አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ። በአቶል ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ማዕበሉ ነፋስ በሚመታው በኩል በኮራሉ ግንብ ላይ እየዘለለ ላጉኑን ይሞላል፤ የገባው ውሃ የሚወጣው በዚያችው በር ነው። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በቱአሞቱ አነስተኛ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሜትር ብዙም ሳይበልጥ፣ በበሩ ላይ የሚወርደው ውሃ ግን 6 ኖትና ከዚያ በላይ፣ ማለትም በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊፈጥን ይችላል። የአንዲት መካከለኛ ባለ ሸራ ጀልባ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን አውጥቶ የሚያስኬዳት ወደ 6 ኖት ነው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት፤ ሞተሩ ያገሳል፣ ጀልባዋ ባለችበት ትቆማለች።

ወደ መፍትሔው ከመሄዴ በፊት ግን አንድ አስተያየት አስገድዶኛል። ከድሬዳዋ የጻፈልኝ ተመልካች፣ ድሬ ላይ አንቱታ እንደሌለ ታውቃላችሁና እንዲህ ይለኛል፦ «አንተ፣ ባለ ሸራ ጀልባ የምትሄደው ነፋሱ ወደ ገፋት አይደለም እንዴ? ታዲያ በሩ የነፋሱ መምጫ በኩል ቢሆን ምን ልትሆን ነው?» ይህን ጥያቄ በልዩ ልዩ አነጋገር የጻፉልኝ ብዙዎች ናቸው፤ ስለዚህ አላልፈውም።

ወንድሜ፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትመጣ ደንገጎን እንዴት ትወጣዋለህ? መኪናው ግንባሩን ወደ ተራራው አቅንቶ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ወደ ቀኝ ሰያፍ ይሄዳል፣ ይታጠፋል፤ ወደ ግራ ሰያፍ ይሄዳል፣ ይታጠፋል። በየትኛውም ቅጽበት ወደ ተራራው ጫፍ እየሄደ አይመስልም፤ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ግን ድሬዳዋ ከታች ትታይሃለች። ባለ ሸራ ጀልባም ወደ ነፋሱ የምትሄደው እንዲሁ እየተጠማዘዘች ነው። ነፋሱ ዳገቱ ነው። ከነፋሱ መምጫ ወደ 45 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብላ ትሄዳለች፣ ከዚያ አፍንጫዋን አዙራ በሌላው ጎን 45 ዲግሪ ትሄዳለች። በዚህ መንገድ ወደ ነፋሱ 10 ማይል ለማትረፍ 14 ማይል ያህል ትጓዛለች፤ ደንገጎም ቀጥታ ቢሆን ኖሮ አጭር በሆነ ነበር።

እንዴት ይቻላል ለሚል፦ የተወጠረው ሸራ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ጎበጥ ያለ ስለሆነ፣ ነፋሱ በሁለቱ ገጾቹ ሲያልፍ ወደ ጎንና ወደ ፊት ይስበዋል፤ ከጀልባዋ ሆድ ሥር የተተከለው ከባድ ክንፍ ወደ ጎን መንሸራተቱን ይከለክላል፤ የቀረው ወደ ፊት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህ የተሳሳተ ግምት የእኛ ብቻ እንዳልሆነም ልንገራችሁ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል፣ ነፋሱ የሚመጣው ከምሥራቅ ነው በማለት፣ ፖሊኔዥያ በጥንት ጊዜ ከደቡብ አሜሪካ በተነሡ ሰዎች እንደ ተሰፈረች ያምን ነበርና፣ በ1947 ከፔሩ ወደብ ከካያኦ ስድስት ሆነው ግንዶች ጎን ለጎን ታስረው በተሠራች ታንኳ ተነሡ። ታንኳዋ ነፋስና የባሕር ፍሰት ወደ ወሰዳት የምትሄድ ነበረች። ከ101 ቀን በኋላ፣ በአውሮፓውያኑ ኦገስት 7 ቀን፣ የቱአሞቱ አቶል ከሆነው ከራሮያ ግንብ ጋር ተላተመች። የራሮያ በር በምዕራብ በኩል ነው፤ እነርሱ የመጡት ከምሥራቅ ነው። ወደ በሩ የሚዞሩበት አቅም ስላልነበራቸው በግንቡ ላይ ተንጠላጥለው ገቡ፤ ደግነቱ ስድስቱም ተረፉ።

በ1976 ደግሞ ሆኩሌአ የተባለች፣ በፖሊኔዥያውያን ጥንታዊ ንድፍ የተሠራች ባለ ሁለት ቀፎ ታንኳ ከሃዋይ ወደ ታሂቲ ሄደች። መንገዱን ይመራ የነበረው ከሳታዋል ደሴት የመጣው ማው ፒያይሉግ ነው፤ ኮምፓስም ካርታም አልያዘም፤ የከዋክብትን መውጫና መግቢያ፣ የማዕበሉን አመጣጥ፣ ማታ ማታ ወደ ጎጇቸው የሚመለሱትን ወፎች ያነብብ ነበር። ታንኳዋ ነፋሱ ወደ ምዕራብ እንዳይወስዳት ሸራዋን አጥብቃ ወደ ነፋሱ እየተጠጋች ነው የሄደችው። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ መጀመሪያ የደረሰችበት መሬት ማን ይመስላችኋል? ማታኢቫ፣ ባለ ዘጠኝ ዓይኗ። የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ መልስህ ይህ ነው።

ከሰጠሁት ጊዜ የበለጠ ስለወሰደብኝ የቀረውን በፍጥነት ልበለው። በበሩ ላይ ውሃው የሚቆምበት አጭር ጊዜ አለ፤ ገቢው ወደ ወጪ፣ ወጪውም ወደ ገቢ ከመለወጡ በፊት። አዛዡ ይህን ሰዓት ከሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ይገምታል፤ ነገር ግን ለብዙ ቀን ከደቡብ ትልቅ ማዕበል ከመጣ ላጉኑ ከልክ በላይ ስለሚሞላ፣ ውሃው ቀኑን ሙሉ ወደ ውጭ ብቻ ሊፈስስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሰንጠረዡ አያገለግልም፣ ዓይን ብቻ። ሰዓቱ ሲደርስ ፀሐይ ከላይ ወይም ከኋላ መሆን አለባት፣ አንድ ሰውም ምሰሶው ላይ ወጥቶ የውሃውን ቀለም ያያል፦ ጥቁር ሰማያዊ ጥልቅ ነው፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ሰማያዊ ከታች አሸዋ ነው፣ ቡናማ ኮራል ነው። ቡናማውን ሽሹ።

የእኔ የባሕር ልምድ ይህን ያህል አያናግርም፤ ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ ወርጄ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወዳለችው የኮራል ደሴት ወደ ሙሻ በጀልባ ስሻገር፣ የውሃውን ቀለም ለይቼ ማየት የቻልኩት በመንገዱ ሁሉ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተደፍቼ ሳስመልስ ስለነበር ነው።

ላጉኑ ውስጥ ከገባችሁ መልሕቃችሁን በአሸዋ ላይ እንጂ በኮራል ላይ አትጣሉ፤ ነፋሱ ሲዞር ሰንሰለቱ በኮራሉ አንገት ላይ ይጠመጠማል፤ ኮራሉም ይሰበራል፣ እናንተም ታስራችሁ ትቀራላችሁ። ስለዚህ በቱአሞቱ የሚጓዙ ሰዎች በሰንሰለቱ ላይ በየተወሰነ ርቀት ተንሳፋፊ ኳስ ያስራሉ፤ ሰንሰለቱ ከኮራሉ በላይ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ከዕንቁ እርሻዎች ተፈትቶ ወደ ባሕር ዳር የተተፋውን ኳስ ነው፤ ያው የእርሻው ገመድ በሌላ ቀን የሞተራቸውን መዘውር ሊጠመጠምበት ስለሚችል፣ ኳሱን እንደ ካሣ ቁጠሩት።

መውጣቱ ደግሞ ውሃው ከኋላ ስለሚገፋ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም የሚወጣው ውሃ ከፊት ከሚመጣው ነፋስና ማዕበል ጋር ሲጋጠም፣ ልክ ከበሩ ውጭ ባለችበት የምትቆም የቆመ ግድግዳ የመሰለች ማዕበል ትነሣለች። በቲፑታ በር በዚህች ማዕበል ላይ ዶልፊኖች እየዘለሉ ይጫወታሉ፤ ሰዎችም ከባሕሩ ዳር ተቀምጠው ያዩአቸዋል። ዶልፊኖቹ እየዘለሉ ከሆነ መልሕቁን አታንሡ፤ ሁለተኛውን ቡና አፍሉ።