ሰርቨሩ ሌሊት እንዳይጠይቀን

ጤና ይስጥልኝ፣ እህት ወንድሞቼ! የቅዳሜን የሐይቅ ዳር ሽርሽር ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። እዚሁ ሐዋሳ፣ ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ሲስተም የሚሠራ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር በእኔ እጅ ነበር። ማታ ሠራተኛው ሲወጣ የፕሮግራሞቹን ማሻሻያ አስጀመርኩና ቤቴ ገባሁ። ትዕዛዙ ላይ «ዋይ» የምትለዋን ምርጫ ጨምሬያለሁ፤ ለሁሉም ጥያቄ «እሺ» የምትልልኝ መስሎኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ስደርስ ባለጉዳይ በር ላይ ተሰልፏል። ዳታቤዙ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ ተገትሮ አድሯል፦ የኤንጂንክስን (የዌብ ሰርቨሩን) ኮንፊግ (ቅንብር) ፋይል ቀይረኸዋል፤ አዲሱን ላስገባ ወይስ ያንተን ልተው? «ኤን» ብዬ ኢንተር ነካሁ። ወዲያው አለቀ። አንዲት እናት ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ቆመው ነበር። ፊታቸው እስካሁን አይረሳኝም።

ያቺ «ዋይ» የምትመልሰው ፓኬጆችን (የፕሮግራም ጥቅሎችን) አውርዶ የሚያሻሽለውን የአፕትን ጥያቄ ብቻ ነው። ከሥሩ ሌሎች ጠያቂዎች አሉ። ፓኬጅ ሲጫን የቅንብር ጥያቄ የሚያቀርበውን ዴብኮንፍን «ዴቢያን ፍሮንትኤንድ» የሚለውን ቫሪያብል «ኖንኢንተራክቲቭ» በማድረግ ዝም ታሰኙታላችሁ። ልብ በሉ፣ ትዕዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ከሚያስኬደው «ሱዶ» በፊት ከጻፋችሁት ሱዶ ይጥለዋል፤ ከኋላው ጻፉት። በኡቡንቱ 22.04 ደግሞ ኒድሪስታርት የሚባል ፕሮግራም ከማሻሻያው በኋላ የትኛው ሰርቪስ እንደገና ይነሳ ብሎ ይጠይቃል፤ ሞዱን «ኤ» (ሳይጠይቅ ራሱ እንዲያስነሳ) አድርጉለት።

የእኔን ሌሊት ያበላሸው ግን ከአፕት ሥር ሆኖ ፓኬጁን የሚጭነው ዲፒኬጂ ነው። ለኮንፊግ ፋይል ጥያቄው ኖንኢንተራክቲቭን አይሰማም። «ፎርስ ኮንፍዴፍ» እና «ፎርስ ኮንፍኦልድ»ን አብራችሁ ስጡት፤ የነበረውን ፋይል ይዞ ይቀጥላል። «ኮንፍኒው»ን በጭራሽ አልመክርም። ስንት ወር የለፋችሁበትን ፋይል በአዲስ ይተካባችኋል።

ኮንፍኦልድም ዕዳ አለው። አዲሱ ፋይል ስሙ መጨረሻ ላይ «ዲፒኬጂ-ዲስት» ተጨምሮበት ከነባሩ ጎን ይቀመጣል። የሚያየው ከሌለ የደህንነት ማስተካከያ እዚያው ተኝቶ ይቀራል። እኔ ጠዋት ቡናዬን ይዤ የኮንፊግ ፋይሎች በሚቀመጡበት «ኢቲሲ» ፎልደር ውስጥ እየፈለግኩ፣ ሁለት ፋይሎችን በሚያነጻጽረው «ዲፍ» መስመር በመስመር አያቸዋለሁ።

ማሻሻያን በራሱ የሚጭነውን አንአቴንድድ አፕግሬድስ የምትጠቀሙ ደግሞ፣ ኮንፍዴፍና ኮንፍኦልድን አፕት ኮንፊግ ውስጥ ካላስገባችሁ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያለበትን ፓኬጅ ዘሎት ያልፋል። ሰርቨሩ ይሠራል፣ የደህንነት ቀዳዳው ግን አልተደፈነም። ሎጉ ላይ ተጽፏል። እባካችሁ፣ ሰኞ ቢሮ ስትገቡ መጀመሪያ ያንን ሎግ ክፈቱ።