ጦማር ጎተራ፣ ቴሌግራም ገበያ፦ ከጎንደር ሆኖ መጦመር

[ምስል፦ የፋሲል ግቢ በማለዳ። ቀጥሎ የስልክ ስክሪን፤ የመፈለጊያው ሳጥን ላይ «ፋሲል መዋኛ ጥምቀት» ሲጻፍ።]

ተራኪ፦ ስልካችሁን አውጡና ስለ ጎንደር አንድ ተራ ነገር በአማርኛ ፈልጉ። ቁስቋም ለጎብኚ የሚከፈተው ስንት ሰዓት ነው? ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ታክሲ የሚያዘው የት ጋ ነው? የጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ ቦታ ለማግኘት በስንት ሰዓት መድረስ ያስፈልጋል? መልሱን የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ ሞልቷል። ምናልባትም አምና ፌስቡክ ላይ ጽፎት ይሆናል። ያ ጽሑፍ ግን ዛሬ በላዩ ላይ ስንት ነገር ተደርቦበት ጸሐፊው ራሱ እንኳ ፈልጎ አያገኘውም።

ይህ ቪዲዮ ስለ ጡመራ ነው። በኢትዮጵያ እንዴት እንዳደገና እንደቀዘቀዘ ባጭሩ እናያለን፤ ሰፊውን ጊዜ የምንሰጠው ግን ጎንደር ላይ ሆኖ ዛሬ የሚጀምር ሰው የት የት እንደሚደናቀፍ ለማሳየት ነው።

[ምስል፦ «ጦማር» የሚለው ቃል በትልቁ።]

ከቃሉ እንነሳ። ጦማር ግዕዝ ነው፤ ደብዳቤ፣ ተጽፎ የሚላክ መልእክት ማለት ነው። «ብሎግ»ን እንዲተካ ሲመረጥ ጦማሪ፣ ጡመራ፣ መጦመር እያለ እንደ አገሩ ቃል ረባ። ከተበደሩትና ከተፈጠሩት የቴክኖሎጂ ቃላት እንደዚህ የተዋጣለት ጥቂት ነው።

ኢንተርኔት ለኢትዮጵያ ሕዝብ አገልግሎት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። በአማርኛ ለመጦመር ግን ገመዱ ብቻ አልበቃም። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኮምፒውተሮች ፎንቱን ይዘው መምጣት የጀመሩት ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ጦማሮች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የ1997ቱ ምርጫ ጡመራን ወደ ፖለቲካ ጎተተው። በግንቦት 1998 የጉግል ጦማሮች የሚገኙበት ብሎግስፖት ከነአድራሻው አገር ውስጥ ተዘጋ፤ ስለ ምግብ የሚጽፈውም ስለ ፓርላማ የሚጽፈውም አብሮ ማለት ነው። በ2004 ዓ.ም. «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚል መሪ ቃል ይዘው ዞን ዘጠኞች ብቅ አሉ። ስሙ የተወሰደው ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው፤ ግቢው ስምንት ዞን አለው፣ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው ለማለት። በሚያዝያ 2006 ስድስት የቡድኑ አባላት ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ፤ እስከ ጥቅምት 2008 ሁሉም ከእስር ወጡ። ጦማሪ የሚለው ቃል ከኢንተርኔት ተጠቃሚው አልፎ ሬዲዮ አድማጩ ጆሮ የደረሰው በእነሱ ክስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሰኔ 2010 ደግሞ 264 የተዘጉ ድረ ገጾችና ጦማሮች ተከፈቱ።

በሩ ሲከፈት እንግዳው ሄዷል። አንባቢው ፌስቡክ ገብቶ ነበር፤ ቀጥሎም ቴሌግራም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ፌስቡክ ላይ ለመጻፍ ስልክ ብቻ ይበቃል፣ አንባቢ ፍለጋም አይኬድም።

ታዲያ ለምን እንጦምራለን? ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል ተገድበው ሳለ ተራ ድረ ገጽ ያለ ቪፒኤን ይከፈት ነበር። ከዚያ በሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋረጠ። ያኔ ጦማርም ከተማ ውስጥ ላለው ሰው አልጠቀመም፤ ይሁንና ቀድሞ የተጻፈው ለአዲስ አበባውም ለውጭ አገሩም አንባቢ ክፍት ሆኖ ከረመ። ጎተራ ከገበያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቴሌግራም ገበያ ነው፤ ሰው ይሰበሰብበታል፣ ሲመሽ ይበተናል። ጦማር ጎተራ ነው። ሁለቱንም መያዝ ነው የሚያዋጣው።

[ምስል፦ አንድ እጅ ስልክ ላይ አማርኛ ሲጽፍ።]

እንግዲህ ወደ ሥራው። የት እንክፈት? ለጀማሪ የጉግል ብሎገር ይሻላል። ነፃ ነው፣ ጦማሩ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር (ሰርቨር) አይከራዩበትም፣ ሳይከፈል ቀርቶ የሚወድቅ ነገር የለውም። የራስን የድረ ገጽ አድራሻ (ዶሜይን) መግዛት ያምራል፤ ክፍያው ግን በየዓመቱ፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። የተለመደው መፍትሔ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ እንዲገዛ መለመን ነው። ዘመድ አድራሻውን በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ያስመዘግባል፤ በሦስተኛው ዓመት የማስታወሻው ኢሜይል ማንም ወደማያየው ሳጥን ይገባል፤ አድራሻው ያልፍበትና ሌላ ሰው ይገዛዋል። ዘመድ መክፈሉ ችግር የለውም፤ የሚመዘገበው ኢሜይል ግን የእናንተ ይሁን።

ቀጥሎ ፊደሉ። ስልክ ላይ የጉግል ኪቦርድ አማርኛ አለው። ኮምፒውተር ላይ ኪይማን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የፊደሉን ድምፅ በላቲን ቁልፎች ስትመቱ አማርኛ ያጽፋል። ጣጣው ያለው የቆየ ጽሑፍ ላይ ነው። በፓወር ግዕዝና በመሰሎቹ የተተየበ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የሰበካ ጉባኤ መጽሔት ገልብጣችሁ ጦማር ላይ ስትለጥፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ያበላሻችሁት ነገር የለም። ያ ፋይል ውስጡ ድሮም ላቲን ነበር፤ አማርኛ ያስመሰለው የለበሰው ፎንት ነው። ፎንቱ የሌለበት ቦታ ሲሄድ ልብሱ ይወልቃል። ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም አሳልፉት፤ ከዚያም መስመር በመስመር አንብቡት፤ ዲቃላ ሆሄያቱ፣ እነ ሟ እና ጧ፣ ሲለወጡ መሳሳት ይወዳሉ።

አራት ነጥብንም ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት አትሥሩት። ለዓይን ይመሳሰላል፤ ለማሽኑ ግን አራት ነጥብ አይደለም። መስመሩ ሲሞላ አንዱ ጥንድ እዚህ፣ ሌላው በሚቀጥለው መስመር ራስ ላይ ሊቀር ይችላል። ኪቦርዱ ላይ አንድ ሆኖ የተቀመጠውን ተጠቀሙ።

ስለ ገጽታው ሦስት ነገር። ጽሑፉን ከ17 ፒክስል አታሳንሱት፤ ፊደላችን እግርና ቅጥያ ይበዛዋል፣ ሲያንስ ሰ እና ሱን መለየት ፈተና ይሆናል። በግራና በቀኝ እኩል አታሰልፉት፤ የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፣ ስልክ ላይ በቃላቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ይፈጥራል። አጋድሞ መጻፍ ደግሞ የፊደላችን ልማድ አይደለም፤ ፎንቱ የተጋደመ ቅርጽ ስለሌለው ማሽኑ በግድ ያጣምመዋል። ማጉላት ስትፈልጉ ደመቅ አድርጉት ወይም ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት።

[ምስል፦ ረጅም፣ የመቶኛ ምልክት የበዛበት የድረ ገጽ ሊንክ።]

አሁን ብዙ የአማርኛ ጦማር ሳይታወቀው የሚከስርበት ቦታ ደረስን፤ ሊንኩ። ብሎገር ላይ ሙሉ ርዕሱ አማርኛ ከሆነ ማሽኑ ፊደሉን ሁሉ ይጥለውና ጽሑፉን ባዶ «ብሎግ ፖስት» ብሎ ይሰይመዋል፤ ቀጣዩንም ያው ብሎግ ፖስት፣ ቁጥር ጨምሮበት። ሃምሳ ጽሑፍ ካላችሁ ሃምሳ ስም የለሽ ሊንክ አላችሁ። ወርድፕሬስ የሚባለው ሌላው የጡመራ መድረክ በተቃራኒው ፊደሉን እንዳለ ይይዘዋል፤ ነገር ግን ሊንክ ውስጥ እያንዳንዱ የእኛ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይዘረዘራል። «ጎንደር» ብቻዋን 36 ምልክት ናት። ቦታው ደግሞ 200 ላይ ያበቃል፤ ስለዚህ ከ22ኛው ፊደል በኋላ ያለው ርዕስ ተቆርጦ ይቀራል። ለሰው በቴሌግራም ሲላክ ቫይረስ የሚመስለው ሊንክም ይህ ነው።

መፍትሔው ሳትለጥፉ በፊት ነው የሚሠራው። ብሎገር ላይ ከጽሑፉ ጎን ካለው ዝርዝር ሊንክን በራስ የመወሰኛውን ምርጫ ክፈቱ፤ ሁለት ወይም ሦስት ቃል በላቲን ፊደል፣ በቃላቱ መካከል ሰረዝ አድርጋችሁ ጻፉ። አንዴ ከተለጠፈ በኋላ መቀየር ከፈለጋችሁ ጽሑፉን ወደ ረቂቅ መመለስ አለባችሁ፤ ቀድሞ የተሠራጨውም ሊንክ ይሞታል።

ሌላው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ዐፄ ፋሲልን አንዱ በ«አጼ»፣ ሌላው በ«አፄ»፣ ሦስተኛው በ«ዓፄ» ይፈልጋቸዋል። ከተማዋ ራሷ ጎንደርም ጐንደርም ተብላ ትጻፋለች፤ ለዓይን ቅርብ ናቸው፣ ለማሽን ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት። መፈለጊያው አንዳንዴ ያዛምዳቸዋል፣ ሁልጊዜ ግን አትመኑት። ርዕሱ ላይ ሰው የሚያዘወትረውን አጻጻፍ አድርጉ፤ ሁለተኛውን አጻጻፍ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ አስገቡ። አንድ ጊዜ ይበቃል። አጻጻፉን እየቀያየሩ መደርደር ግን አንባቢውን ያሰለቻል፤ የቅኔ መምህር ካነበበው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

[ምስል፦ የጥምቀት ፎቶ፤ ሥሩ ላይ «4 ሜጋባይት»።]

ፎቶ። አንድ ሺህ ቃል አማርኛ 15 ኪሎባይት ገደማ ነው። ከስልክ እንደወጣ የተጫነ አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን ብቻውን ከ250 በላይ እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ያህል ይመዝናል። አሥሩን ስትደረድሩ 40 ሜጋባይት ሆነ፤ የ100 ሜጋባይት ጥቅል የገዛ ተማሪ ግማሹን ሊጠጋ ነው፣ ያውም ገጹ እስኪከፈት ከታገሠ። ለስልክ አንባቢ 1200 ፒክስል ስፋት ከበቂ በላይ ነው። ፕሮግራም መፈለግ ካልፈለጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ በፎቶ መልክ ላኩትና መልሳችሁ አውርዱት፤ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል፣ ክብደቱም በአብዛኛው ወደ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ይወርዳል። በፋይል መልክ ከላካችሁት ግን ምንም አይቀንስም። ይህ ዘዴ ሌላም ጥቅም አለው፦ ፎቶው ውስጥ ተደብቆ የተቀመጠውን የተነሳበትን ቦታ አብሮ ያጠፋል። ከቤታችሁ ሆናችሁ የምታነሱ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰዓትና ቀን ጎንደሬውን ብቻ ሳይሆን ኢትዮጵያዊውን ሁሉ ያሳስታል። የጦማሩን የሰዓት ክልል ወደ አዲስ አበባ ካላስተካከላችሁ ጽሑፋችሁ የትናንት ቀን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ጠዋት 3 ሰዓት እንዲወጣ ስትቀጥሩ ማሽኑ ላይ የሚሞላው 9 ነው፤ 3 ብላችሁ ከሞላችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይወጣል። በጥምቀት ላይ ደግሞ ልብ በሉ፦ ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ነው። በ2012 እና በ2016 እንዲያ ነበር፣ በ2020ም እንዲያው ነው። «ሁልጊዜ ጃንዋሪ 19» ብሎ የሚጽፍ ጦማር ከውጭ የሚመጣውን እንግዳ ለከተራ በአንድ ቀን አስቀድሞ ያስመጣዋል።

የጥምቀት ጽሑፍ በጥር አይለጠፍም። መፈለጊያው አዲስ ገጽ አንብቦ እስኪመዘግብ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። እስከ ኅዳር ማብቂያ ይውጣ። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ከመጻፍ ያንኑ ገጽ አድሱት፤ ሊንኩ እንዳረጀ ወይን ነው፣ ሲቆይ ይወደዳል። ስለዚህም ሊንኩ ውስጥ ዓመተ ምሕረት አታስገቡ።

[ምስል፦ የቴሌግራም ቻናል፤ ሦስት መስመር ጽሑፍ፣ ከሥሩ ሊንክ።]

ገበያው ላይ ስትወጡ ሊንክ ብቻ አትወርውሩ። ለማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ የሚያገለግል ጥቅል የገዛ ሰው ሊንኩን ቢነካ አይከፈትለትም። ዋናውን መልስ በሦስት መስመር ቴሌግራሙ ላይ ስጡት፤ ዝርዝሩን የሚፈልግ ይከተላል። ፌስቡክ ላይ ለተጻፈ መልካም ነገርም የተገላቢጦሹን አድርጉ፦ ሰው የወደደውን ጽሑፍ ሳምንት ሳይሞላው ወደ ጎተራው አስገቡ።

ከማስታወቂያ ገቢ የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ ጉግል ማስታወቂያ የሚያስቀምጠው በዝርዝሩ ባሰፈራቸው ቋንቋዎች ለተጻፉ ገጾች ነው፤ ዝርዝሩን ሳታዩ አታስቡ። ክፍያው ራሱ 100 ዶላር እስኪሞላ አይላክም።

ሕጉንም እወቁት። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ለሚሠራጭ ሐሰተኛ መረጃ ቅጣቱን እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያደርሰዋል። ስለዚህ ያላረጋገጣችሁትን አትለጥፉ፤ ስታርሙም ያረማችሁትን ቀን ከጽሑፉ ግርጌ ጻፉ።

[ምስል፦ በወረቀት ላይ የታተሙ የምስጢር ቁጥሮች።]

የመጨረሻው ሥራ ጎተራውን ከነቀዝ መጠበቅ ነው። መብራት በሚጠፋበትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ጽሑፍ በቀጥታ ጦማሩ ላይ አይጻፍም፤ ኔትወርክ ከሌለ አርታኢው አያስቀምጥም። ስልኩ ማስታወሻ ላይ ጻፉና ገልብጡ። አካውንታችሁን በሁለት ደረጃ ቆልፉ፤ በኤስኤምኤስ በሚመጣ ኮድ ላይ ብቻ ግን አትንጠልጠሉ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ኮዱም ይጠፋል። ጉግል የሚሰጣችሁን 10 መጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት አትማችሁ ቤት አስቀምጡ። ሁለት ዓመት ያልተከፈተ የጉግል አካውንት ሊሰረዝ ስለሚችል ባትጽፉም ግቡበት።

በወር አንድ ጊዜ ከቅንብሩ ውስጥ የጦማሩን ቅጂ አውርዱ። ፋይሉ ጽሑፉን ሁሉ ይይዛል፤ ፎቶዎቹን ግን አይጨምርም፣ ሊንካቸውን ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናዎቹን ፎቶዎች በዓመት በዓመት ለይታችሁ ፍላሽ ላይ አኑሩ፤ ፍላሹም ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አይዋል።