ፊት የነሳሁበት ሳምንት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ደብረ ማርቆስ ዝናቡን ለቆታል። የቆርቆሮው ድምፅ ከገባ ታገሱኝ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ ስለ ጥርስ ሳወራ ነው። ስለ ድድ መድማት፣ ስለ ቡርሽ፣ የሕፃናትን የወተት ጥርስ ማስነቀል ስለሚያመጣው ጣጣ። ዛሬ የማወራው ስለ ራሴ ነው። ካቻምና የሙያ ፈቃዴ ላይ አቤቱታ ቀርቦብኝ ነበር። ለወራት ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ እንኳ የሰማችው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። የታካሚውን ስም አልጠራም፤ አገራቸውንም አልናገርም። ታሪኩን እንዳወራው ግን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠይቄያቸው ፈቅደውልኛል። የታካሚን ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 399 ያስጠይቃል። ሕጉ ባይኖርም ሳልጠይቃቸው አላወራውም ነበር።

የኔታ እላቸዋለሁ፤ የቅኔ መምህር ናቸው። ጎጃም ላላችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገራችሁም። ለሌሎቻችሁ ልንገራችሁ፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የሚባሉትን የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ሰምታችሁ ይሆናል። የቅኔ አገር ነው ያለነው። የቅኔ መምህር እንጀራው አፉ ነው። ቅኔ ይዘርፋል፣ ማለትም ከራሱ አፍልቆ ይናገራል፤ ለተማሪው ይነግራል፣ ተማሪው ያመጣውን ሰምቶ ያቃናል። አፉ የተነካበት መምህር፣ እጁ እንደተነካበት ሸማኔ ነው።

የኔታ የመጡት በግራ በኩል የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ አሟቸው ነው። እኛ በቁጥር 38 የምንለው ጥርስ ነው። ተኝቶ የበቀለ፣ ግማሹ ድድ ውስጥ የተቀበረ፣ በተደጋጋሚ የሚያመረቅዝ። ዕድሜያቸው ሃምሳን ተሻግሯል። መነቀል ነበረበት፤ ዛሬም ቢሆን እዚያ ላይ አልጠራጠርም።

እዚህ ጋ ትንሽ ላስረዳችሁ። በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ ቦይ አለ። በዚያ ቦይ ውስጥ የታች ከንፈርንና የአገጭን ስሜት የሚያደርስ ነርቭ ያልፋል። የመጨረሻው መንጋጋ ሥር አንዳንድ ሰው ላይ ቦዩን ይጠጋዋል፤ አንዳንዴም ይነካዋል። ጥርሱ ሲነቀል ነርቩ ሊጨፈለቅ ይችላል። ከመቶ ጥቂት ሰዎች ላይ ለጊዜው ይደነዝዛል። ሳይመለስ የሚቀርባቸው ከመቶ አንድ አይሞሉም። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ግን የደረሰበት ሰው ለራሱ መቶ በመቶ ነው።

ራጅ አንስቻለሁ። ፊልሙ ላይ የጥርሱ ሥር ጫፍ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ የቦዩ ነጭ መስመር እዚያ ጋ ደብዝዟል። ይህ ምልክት ነው። «የኔታ፣ ከንፈርዎ ሊደነዝዝ ይችላል» ብያቸዋለሁ። ብያለሁ። እርግጠኛ ነኝ። እሳቸውም «እግዜር ያውቃል፤ ብቻ ገላግለኝ» አሉኝ። ማደንዘዣ ወጋሁ፣ ድዱን ከፈትኩ፣ ጥርሱን ለሁለት ቆርጬ አወጣሁት፣ ሰፋሁ። አርባ ደቂቃ ፈጀ።

ካርዱ ላይ ምን ጻፍኩ? «38 ተነቅሏል። መድኃኒት ታዟል። ከሳምንት በኋላ ይመለሱ።»

በቃ። ስለ ነርቩ የነገርኳቸው የለም። የስምምነት ቅጽ የለም። ውጭ አግዳሚው ላይ አሥራ አንድ ሰው ተሰልፎ ነበር።

በማግስቱ ደወሉ። «ልጄ፣ ከንፈሬ አልነቃም» አሉኝ። ማደንዘዣው ቆይቶ ይለቅዎታል አልኳቸው። ማደንዘዣው በዚያ ሰዓት ለቆ መሆን እንዳለበት አውቃለሁ። በሦስተኛው ቀን በአካል መጡ። ውስጥ ነበርኩ። ካርድ የምታወጣዋን ልጅ «የለም በያቸው» አልኳት። በአምስተኛው ቀን እንደገና መጡ። አሁንም የለም። በሰባተኛው ቀን ክሩን ያወጣላቸው ሌላ ሐኪም ነው።

ለምን ሸሸሁ? ፈርቼ ነው። የምላቸው አልነበረኝም። ነርቭ ዛሬ ተነስቶ አይድንም፤ ወራት ይፈልጋል። «እንጠብቅ» ከማለት ሌላ መድኃኒት የለኝም። ሐኪም መሆን ማለት ሁሌ የሚሰጥ ነገር ይዞ መገኘት ይመስለኝ ነበር።

ደብዳቤው የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ማኅተም ያለበት ቡናማ ፖስታ። አቤቱታውን የጻፈው የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ሦስት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ ሳያስረዳቸውና ሳያስፈቅዳቸው ነቅሏል። ሁለተኛ፣ በቸልተኝነት ነርቭ ጎድቷል። ሦስተኛ፣ አቤት ቢሉት ፊት ነስቷቸዋል። ከሥር «ፈቃዱ ይታገድልን» ይላል።

እኔ ያነበብኩት ሁለተኛውን ብቻ ነው። ሌላው አልታየኝም።

ፈቃድ ማለት ለኛ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ይመስላል። ያ ወረቀት ከሌለ ግን እጄ ያው እጅ ሆኖ ሥራው ወንጀል ይሆናል። ገበያ ጥግ ተቀምጦ ያለ ማደንዘዣ ጥርስ ከሚነቅለው ሰው የሚለየኝ አንድም እውቀቴ ነው፤ አንድም ስበድል የሚጠይቀኝ አካል መኖሩ ነው። በዚያን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ልዩነት አልታሰበኝም። የታየኝ የቤት ኪራይና የልጄ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

የዚያን ቀን ማታ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ። የሚወደኝ ሰው ነው። ነገሩን ሰማኝና «ካርዱ አንተ ጋ ነው ያለው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ታዲያ ምን ትጨነቃለህ? ሦስት ቃል ጨምርበት» አለኝ።

ካርዱን አወጣሁት። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። «መድኃኒት ታዟል» ከሚለው በላይ አንድ መስመር ክፍት ነበር። ልክ ለኔ የተተወ ይመስላል። ሰማያዊው እስክሪብቶም ያው ነው፤ ኪሴ ውስጥ ነበር። «የነርቭ ጉዳት ሊኖር እንደሚችል ተነግሯቸው ተስማምተዋል።» ይህን ነው የምጽፈው። ደግሞም እውነት ነው! ነግሬያቸዋለሁ! ውሸት አይደለም እያልኩ እስክሪብቶውን ከፈትኩት።

አልጻፍኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም። ያቆመኝ ቀኑ ነው። መስመሩ አጠገብ ቀን ተጽፏል፤ ያን ቀን ግን አልጻፍኩትም። የምጽፈው ዛሬ ነው። የተናገርኩት እውነት ቢሆንም፣ ካርዱ ውሸት ይሆናል። ካርዱን ዘግቼ ለክሊኒኩ ኃላፊ አስረክቤ አስፈረምኩ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

በማግስቱ ጠበቃ ጋ ሄድኩ። ሰባት ገጽ መልስ ጽፌ ይዤላቸው ነበር። የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ክርክር ሲባል በላ ልበልሃ ነው የሚታየኝ። ዘንግ ይዞ፣ ነጠላ አስተካክሎ፣ በቃል ኃይል ባላንጣን ማንበርከክ። ጠበቃው አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። «ዶክተር፣ እዚህ ውስጥ ስለ ታካሚው ስድብ አለ፤ ስለ ወንድማቸው ልጅ ስድብ አለ፤ ስለ ጥርሱ ያለው አራት መስመር ነው» አሉኝ።

ከዚያ መንገዶቹን ለዩልኝ። እኔ ሁሉንም አንድ ላይ ደባልቄ ነበር የምፈራው። አንደኛው የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ተቆጣጣሪው አካልና የሥነ ምግባር ኮሚቴው የሚያዩት። መጨረሻው ነጻ ከመባል እስከ ማስጠንቀቂያ፣ ከእገዳ እስከ ስረዛ ይደርሳል። ሌላው የፍትሐ ብሔር ነው፤ የካሳ ጥያቄ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጠብቆ እንዲሠራ ያዛል። አንቀጽ 2647 ደግሞ ሐኪም በጽሑፍ ቃል ካልገባ በቀር «አድንሃለሁ» ብሎ ዋስ እንደማይሆን ይናገራል። ሦስተኛው ወንጀል ነው፤ በቸልተኝነት አካል ማጉደል። አንዱ ተዘጋ ማለት ሌላው ተዘጋ ማለት አይደለም።

አንቀጽ 2647ን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። «ታዲያ ነጻ ነኝ!» አልኩ። እሳቸው ግን «ስላልዳኑ አይደለም የሚጠይቁህ። እንደ ሙያው ሠርተሃል ወይ ነው። ማስረዳትም፣ ማስፈቀድም፣ መከታተልም የሙያው ክፍል ነው» አሉኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ተመርቄ ከወጣሁ ጀምሮ የሚነግረኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

ሰባቱ ገጽ አንድ ተኩል ሆነ። በቀን ቅደም ተከተል። ራጁ፣ ለምን መነቀል እንዳለበት፣ እንዴት እንደተነቀለ። ስለ ነርቩ በቃል እንደነገርኳቸው፣ በጽሑፍ ግን እንዳላሰፈርኩት። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አልመዘገብኩም።» እጄ ተንቀጠቀጠ።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ከጠበቃዬ ጋር አልተስማማንም። የኔታን ሄጄ ልያቸው አልኳቸው። «አትሂድ፤ ይቅርታ ካልክ ማመን ይሆንብሃል» አሉኝ። ከሕግ አንጻር ልክ ናቸው። እኔም አቤቱታው እስኪታይ ድረስ አልሄድኩም። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው። «ነርቩን ቆርጬዋለሁ» ማለትና «እንዲህ ስለሆነብዎ አዝኛለሁ፤ እስኪሻልዎ አብሬዎት ነኝ» ማለት አንድ አይደለም። ሁለተኛውን ለማለት ደግሞ ክስ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ በር ላይ ቆመው ሳለ ማለት እችል ነበር።

ኮሚቴው ፊት የቀረብን ቀን የኔታ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አድርገው መጡ። ሲናገሩ ምንም አያስታውቅም። ከንፈርን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ነርቭ ነው፤ እሱ ደህና ነው። ሰው ሲያያቸው ጤነኛ ናቸው። ግን በየመሃሉ በጋቢያቸው ጫፍ ከንፈራቸውን ይጠርጋሉ። የሚጠረግ ነገር የለም። ይኑር አይኑር ስለማያውቁ ነው የሚጠርጉት። ይህን ከአጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ።

ሰብሳቢው «አባታችን፣ ሐኪሙ ስለ ነርቩ ነግሮዎት ነበር?» ብለው ጠየቋቸው።

ልቤ ቆመ። በካርዱ ላይ የለም። ሌላ ምስክር የለኝም። «አልነገረኝም» ቢሉ አለቀ።

የኔታ ዞር ብለው አዩኝ። «ነግሮኛል» አሉ። «ከንፈርህ ይደነዝዛል ብሎኛል። ለወንድሜ ልጅ አልነገረኝም ያልኩት ተቆጥቼ ነው። እኔ ነርቤን ብዬ የመጣሁ አይደለሁም። ክሊኒኩ ድረስ ሦስቴ መጥቼ ፊቱን ነሳኝ። እኔ ተማሪዬ ቅኔው ቢበላሽበት ፊት አልነሳውም።»

ከዚያ በኋላ የተባለውን ብዙም አላስታውስም። ባለሙያዎቹ ራጁን አገላብጠው አዩ። ሥሩ ቦዩን ከተጠጋ አክሊሉን፣ ማለትም የጥርሱን የላይኛ ክፍል ብቻ ቆርጦ ሥሩን መተው እንደሚቻል አንስተው ለምን አላሰብክበትም አሉኝ። ሥሩ አካባቢ ኢንፌክሽን ስለነበር እንደማያስኬድ አስረዳሁ፤ ተቀበሉት። ውሳኔው በጽሑፍ ደረሰኝ። በአነቃቀሉ ቸልተኝነት አልተገኘም። በምዝገባ ጉድለትና ታካሚን ባለመከታተል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል። ይግባኝ ማለት እችል ነበር። ጠበቃዬም ጠየቁኝ። አላልኩም፤ የተቀጣሁት በሠራሁት ነው።

አሁን እዚህ አዳምጣችሁኝ ክስ የመጣባችሁ የሙያ ወገኖቼ ካላችሁ፣ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብቡት። የመልስ መስጫ ቀኑ እንዳያልፋችሁ። ካርዱን አትንኩት፣ አስረክቡት። ለብቻችሁ አትቀመጡ። ያልጻፋችሁትን ጽፌያለሁ አትበሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሦስተኛውን ነጥብ አንብቡት።

የኔታ በየሁለት ወሩ ይመጣሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ በጥጥ ጫፍ ከንፈራቸውንና አገጫቸውን እነካለሁ። «እዚህ?» «አዎ።» «እዚህ?» «የለም።» የማይሰማቸውን ቦታ ዳርቻ ካርዱ ላይ እሥላለሁ፤ ቀን እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ሥዕል ከአፍ ጥግ እስከ አገጭ መሃል ይሞላል። ባለፈው ወር የሣልኩት የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ካርዱን አዙሬ አሳየኋቸው። አዩት፣ አዩት፤ ከዚያ ቀኑን በጣታቸው ነክተው «ይችን አሳምረህ ጻፋት» አሉኝ።