አጥሩን መልሳችሁ አትትከሉብን

እንደምን ዋላችሁ! ማይክ የለም፣ ኋላ ያላችሁ ጠጋ በሉ። ጋሼ፣ እርስዎም ወንበርዎን ይዘው ይምጡ፣ ጥላው ለሁላችንም ይበቃል።

የዲስክ ጎልፍ ስብስባችን (ክቧን ፕላስቲክ ሰንሰለት ወዳለው ቅርጫት የምንወረውርባት ጨዋታ) የዓመቱ መዝጊያ ስለሆነ ሁለት ቃል ተናገር ተባልኩ። ሁለት ቃል አይበቃኝም። ሐሙስ ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩትና ለባለቤቴ አነበብኩላት። "ይሄ ንግግር ነው ጠብ?" አለችኝ። ከሁለቱም አለበት አልኳት።

ምስጋናውን ላስቀድም። በበጋው ሙሉ (በጋ ልበል ክረምት? እዚህ አገር ሃያ ዓመት ኖሬም አልወሰንኩም) ቅዳሜያችሁን ሠውታችሁ፣ ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል ሰዓት ሙሉ እየነዳችሁ እዚህ ክሊርዋተር ድረስ ለመጣችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ጀበና ተሸክማችሁ ለመጣችሁት ደግሞ ሁለት እጥፍ።

ይህ የቆምንበት ቦታ ኢግል ትሬስ የሚባል የጎልፍ ሜዳ እንደነበረ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ኬል ሌቪስካ የሚባል የዲስክ ጎልፍ ፕሮፌሽናል ገዛውና ለዲስክ አደረገው፣ ስሙም ኤርቦርን ሆነ። በ2020 ትልልቆቹ ተጫዋቾች መጥተው ተወዳድረውበታል። እኛ ዛሬ ጠዋት ዲስክ የከተትንበት ኩሬ የእነሱንም ዲስክ በልቷል፣ ተጽናኑ።

ዙሪያችሁን እዩት እስኪ። ያ አስፋልት መንገድ የጎልፍ መኪና የሚሄድበት ነበር። ሳሩ ያኔ እንደ ምንጣፍ ተከርክሞ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ መድኃኒት ተረጭቶበት ነው የሚያድረው። አሁን ዳር ዳሩ እስከ ጉልበት አድጓል። መሀሉ ላይ ያለችውን ቢጫ አበባ አይታችኋል? አደይ አይደለችም። ግን በመስከረም ለሰው አገር ሰው ትበቃለች።

ወደ ነገሬ ልግባ።

እዚህ አገር እንደመጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ የጎልፍ ክለብ ወጥ ቤት ውስጥ ሰሃን ማጠብ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ደግሞም ዛሬ የለም። ወጥ ቤቱ መስኮት ነበረው። ከመታጠቢያው ቀና ስል የሚታየኝ አረንጓዴ ብቻ ነው፣ እስከ ዓይን መጨረሻ። የመጣሁት ከጎጃም ነው። እንዲህ ያለ መስክ አይቼ "ከብቱ የት ሄደ?" ነው ያልኩት። እውነቴን ነው፣ አትሳቁ! ይሄ ሁሉ ሳር እያለ አንዲት ላም እንዴት ይጠፋል?

አንድ ቀን የምሳ ዕረፍት ላይ ዳቦዬን ይዤ ወጣሁና ሳሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። ሲነካችሁ እንዴት እንደሚያደርጋችሁ! አምስት ደቂቃ አልሆነኝም፣ አንድ ሰውዬ በትንሿ መኪና መጣ። አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። ፈገግ ብሎ "ሠራተኛ እዚህ መቀመጥ አይፈቀድለትም" አለኝ። ጫማዬን እስካደርግ ቆሞ ጠበቀኝ። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛዬ አጥሮ፣ ማሰሪያዬ ተወሳስቦ፣ እሱ እያየኝ፣ ያቺን ጫማ ማሰር ዕድሜዬን የፈጀች ነው የመሰለኝ። አጥር እኮ አልነበረም። ሽቦ የለ፣ ግንብ የለ። ሳሩ አጠር ያለበትና ረዘም ያለበት መስመር ብቻ ነበር፣ ያንን መስመር አራት በጋ ሙሉ አላለፍኩትም።

ክለቡ ኋላ ተዘጋ። እሱ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ አሜሪካ ከልክ በላይ የጎልፍ ሜዳ ሠራች፣ ከ2006 በኋላ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ከሚከፈተው የሚዘጋው በለጠ። ያ እኔ የማውቀው ሜዳ ቤት ተሠራበት። አንዳንዱ ዱር ሆነ። ጥቂቱ ደግሞ እንዲህ እንደዚህኛው ሰንሰለትና ቅርጫት ተተከለበት።

ልጄ መጀመሪያ እዚህ ሲያመጣኝ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ሳሩ ላይ ስረግጥ ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ አየሁ። ያቺ መኪና እየመጣች እንደሆነ። ልጄ "አባዬ ምን ጠፋብህ?" አለኝ። ምንም አልኩት። ዲስኩን ሰጠኝ፣ ወረወርኩ፣ እንደ ሁሉም ጀማሪ ወደ ግራ ተጠማዝዞ ዛፍ ውስጥ ገባ። ዛፍ ውስጥ ገብቼ ፈለግኩት። ማንም ምንም አላለኝም። በዚያ ቀን ዲስኩን ካገኘሁበት ይልቅ ሳላገኘው የዞርኩበት ጊዜ ነው ደስ ያለኝ።

ይህን ጨዋታ ያቀናው ኤድ ሄድሪክ ይባላል። ፍሪዝቢ የሚባለውን የሚወረወር ዲስክ የሚያመርተው ኩባንያ ውስጥ ነበር የሚሠራው። በ1975 ካሊፎርኒያ፣ ኦክ ግሮቭ ፓርክ ውስጥ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ ዘረጋ። የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ልብ በሉ፣ ክለብ ውስጥ አይደለም። መጀመሪያ ዒላማው እንጨት ነበር፤ ነካ አልነካ የሚል ክርክር አያልቅም። እሱ ነው ኋላ ሰንሰለቱንና ቅርጫቱን ያመጣው። በ2002 ሲሞት አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በኑዛዜው መሠረት ከዲስክ ፕላስቲክ ጋር ተቀላቀለ። አዎ፣ አማትቡ፣ እኔም አማትቤያለሁ። ግን ሰውዬው ጨዋታውን ምን ያህል እንደወደደው ይገባችኋል።

አሁን ወደ ጠቡ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት እማማ እዚህ መጡ። እዚያ ጥላ ስር ያሉት፣ አይደበቁ እማማ፣ እያየሁዎት ነው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው አንዲት ዲስክ አነሡ። እንደ ሰፌድ በሁለት እጅ ያዟት። የመጀመሪያዋ እግራቸው ስር ወደቀች። ሁለተኛዋ ቁልቁለቱን እንደ ጎማ ተንከባልላ ሄደች፣ ልጆቹ ሮጠው አመጡላቸው። ሦስተኛውን ከቅርጫቱ አምስት ርምጃ ላይ ቆመው ወረወሩ። ሰንሰለቱ እንደ ጸናጽል ጮኸ። እማማ እልል አሉ! ማዶ ያሉት ፈረንጆች ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

ያኔ ከእኛው አንዱ ምን አለ? "እማማ፣ ከኋላ ሰው እየጠበቀ ነው፣ እዚያ ጋ ቢቀመጡ ይሻላል።" በትሕትና ነው ያለው። ፈገግ ብሎ። እኔ ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ ጫማዬን እስካስር ቆሞ የጠበቀኝ ፈገግታ ነው።

እሱ ሲገርመኝ በሳምንቱ ቴሌግራም ላይ ሐሳብ ቀረበ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ስድሳ ሜትር መወርወር የማይችል ቅዳሜ ጠዋት እንዳይመዘገብ። ጀማሪ ከሰዓት በኋላ ይምጣ። ልጆች ከዋናው ዙር ይውጡ። ዘጠኝ ሰው አውራ ጣቱን አንሥቶ ደገፈ። ዘጠኝ! ስማችሁን ጽፌዋለሁ፣ አላነበውም፣ ግን እያንዳንዳችሁን አውቃችኋለሁ።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። እኔ ግን ጌታ አይደለሁም፣ ሰሃን አጣቢ ነበርኩ፣ ስለዚህ እቆጣለሁ። ወንድሞቼ፣ ስድሳ ሜትር ማን ሰጣችሁ? ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ከእናንተ ስንቱ ነው ዲስክ ፊቱ ላይ የተመለሰበት? ቪዲዮው አለኝ። ገና ክንዳችን ሲፈታ፣ ገና ለሩቅ የሚወረወረውን ድራይቨርና ለቅርብ የሚሆነውን ፐተር መለየት ስንጀምር፣ መጀመሪያ የታየን ነገር ሰው ማስወጣት ሆነ? ባለሜዳው ገንዘባችንን ተቀብሎ ክንዳችሁን ልለካ አላለም። ፈረንጁ ያላስቀመጠውን በር እኛ፣ ለገዛ እናታችን፣ በአማርኛ ልናስቀምጥ?

ፈጣን መጫወት የሚፈልግ አለ፣ ይገባኛል። የቸኮለን ማሳለፍ ደግሞ የጨዋታው ደንብ ነው። አራት ሰው የያዘ ቡድን ዳር ይቆማል፣ ፈጣኑ ያልፋል፣ አመሰግናለሁ ይላል፣ አለቀ። ለዚህ ሕግ ማውጣት አያስፈልግም። ዳር መቆም ያቃተው አበሻ የለም፣ ሰርግ ላይ ለምግብ ሁለት ሰዓት እንሰለፍ የለም እንዴ!

ስለዚህ ያ ሐሳብ ዛሬ ለድምፅ አይቀርብም። ሰብሳቢ ተብያለሁና አላቀርበውም። የሚከፋው ካለ ከቡና በኋላ ይምጣና ፊት ለፊት እንነጋገር።

ቀሪዎቹን ነጥቦች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው፣ ባለቤቴ ሰዓት እያሳየችኝ ነው።

ዲስክ ስለመግዛት። ለጀማሪ አንድ ፐተርና ለመካከለኛ ርቀት የሚሆን አንድ ሚድሬንጅ ይበቃል። አንዱ ዲስክ ከአሥር እስከ ሃያ ዶላር ነው፣ አሥራ አምስት ዲስክ የሚይዝ ቦርሳ ገዝቶ መምጣት ክንድ አያረዝምም። ጀርባው ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ጻፉ፣ ያገኘ ሰው ይደውላል።

መዥገር። ረጅም ሳር ውስጥ የገባ ሁሉ ማታ እግሩን ይይ፣ የልጆቹንም። ይህ ቀልድ አይደለም፣ እዚህ አገር በሽታ ያመጣል።

ቆሻሻ። ባለፈው ሰባተኛው ቅርጫት ላይ የሎሚ ልጣጭና የቆሎ ላስቲክ አግኝቻለሁ። ቆሎ የሚበላው ማን እንደሆነ ፈረንጁ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ።

ገንዘቡን ገንዘብ ያዧ ትናገራለች። ጥሩ ነው፣ አልጎደለም።

በሩ ላይ የቆመችው ነጭ ኮሮላ የማን ናት? መንገድ ዘግታለች፣ አንሡልን።

አሁን የመጨረሻውን ዙር እንጀምራለን። ቡድን አልከፈልኩም፣ አጠገባችሁ ካለው ጋር ተቀላቀሉ። እማማ፣ ይነሡ እንጂ! ቢጫዋ ዲስክ የእርስዎ ናት፣ አንደኛው ቅርጫት ላይ መጀመሪያ እርስዎ ነዎት የሚወረውሩት። እኛ እንጠብቃለን።