የድንጋዩ ጽሑፍ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የወንድሜ የአየር ኃይል ጓደኞች፣ የሰፈራችን ልጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከቢሾፍቱ ድረስ መንገድ ቆርጣችሁ የመጣችሁትን እግዜር ይስጥልን።

ዛሬ እዚህ ጣና ዳር የሰበሰበን የወንድም ጋሼ መቃብር ድንጋይ ነው። ከ40 ዓመት በላይ «በካራማራ ጦርነት ለሀገሩ የተሠዋ» ሲል ኖሯል። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

ወንድም ጋሼ ከጦርነቱ በሕይወት ተመልሷል። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነፃ ስትወጣ እሱ ደህና ነበር። በዚያው ዓመት ለፋሲካ መጣ። እማዬ አቅፋው ስታለቅስ ትዝ ይለኛል። ኤፍ-5 የተባለው ተዋጊ ጄት አብራሪ ነበር። የኛ ኤፍ-5 አብራሪዎች የሶማሊያን ሚጎች ሰማይ ላይ እንዴት እንደረቱ እናንተ ጓደኞቹ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። ስለዚያ ብዙ አላወራም። እሱም ቤት ሲመጣ አያወራም ነበር።

የሚያወራኝ ስለ ወፍ ነበር። ከጦርነቱ በፊት፣ እኔ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ ለፈቃድ ሲመጣ ደንገሉ ዳር ይወስደኛል። ትልልቆቹ ነጫጭ ወፎች ሲነሱ «ወዴት ዞረው እንደሚነሱ እይ» ይለኛል። ሁልጊዜ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው ነው። «አውሮፕላንም እንደዚሁ ነው» አለኝ። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ክንፍ ቶሎ ይሸከማል። እስከ ዛሬ ወፍ ሲነሳ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ ነፋሱን ነው የምፈልገው።

ይሄን የማነሳው ያለ ነገር አይደለም። ወንድም ጋሼ ማስተማር ይወድ ነበር። ከጦርነቱ በኋላም የተመደበው ወጣቶችን ለማሰልጠን ነው። በ1971 ዓ.ም. አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ አንድ ሰልጣኝ ይዞ ከቢሾፍቱ ተነሳ። ልክ ከመሬት እንደለቀቁ ሞተሩ ጠፋ። የአውሮፕላኑ ሞተር አንድ ብቻ ነው። ቢሾፍቱ ከፍታ ላይ ናት፣ የቀትር አየር ደግሞ ስስ ነው። ገና ፍጥነት አልያዙም፣ ከፍታም አልነበራቸውም። በዚያ ሰዓት ወደ ሜዳው ልዙር ያለ አውሮፕላን ክንፉ አየሩን ይለቅቃል። ሁለቱም ሕይወታቸው አለፈ። ወንድም ጋሼ 26 ዓመቱ ነበር። ሰልጣኙ ከሱም ያንሳል። የዚያ ልጅ እናትም እንደ እማዬ አንጀቷ ተቃጥሏል። እባካችሁ በጸሎታችሁ እሱንም አስቡት።

ለቅሶው ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ድንኳኑ በሰው ሞልቶ፣ የመጣው ሁሉ አባዬን «የትኛው ግንባር ላይ ነው?» እያለ ይጠይቃል። አባዬ አንገቱን ደፍቶ «በልምምድ ነው» ይላል። ጠያቂው ዝም ይላል። አልቃሿም ግጥም አጣች። ለጀግና የሚባል አለ፣ በሕመም ለሞተ የሚባልም አለ። በልምምድ በረራ ለሞተ ግን የሚባል አልነበራትም። በመጨረሻ በካራማራ አወረደችው። ሰው ሁሉ እንደ አዲስ አለቀሰ። ድንጋዩ ላይ የተጻፈውም ከዚያ ሙሾ የመጣ ነው።

አባዬን አልወቅሰውም። ልጁ ትንሽ ሞት የሞተ መስሎት ነው። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰው ሲጠይቀኝ «ካራማራ» ነበር የምለው።

ሐሳቤን የቀየረው እዚሁ ከተማችን የሆነውን ነገር መለስ ብዬ ማሰቤ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳውን ቦይንግ 737 ታስታውሳላችሁ። ርግቦች ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። ከ104 ሰው 35 ሞተ። ያኔ «አደጋ ነው እንጂ» ብሎ ሐዘኑን ያቃለለ ሰው አላየሁም። ታዲያ ለወንድሜ ለምን አፈርኩ?

ጆን ሮቢንሰንንም አስቡ። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መጥቶ ለኛ በረረ። ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ልጆቻችንን አብራሪነት አስተማረ። በ1946 ዓ.ም. የሞተው በጠላት ጥይት አይደለም፣ በአውሮፕላን አደጋ ነው። ማን ነው እሱን ጀግና አይደለም የሚል?

በጦርነት ጊዜ ሰማይ ላይ የወጣው ኃይል እኮ ከሰማይ አልወረደም። አንድ ሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ገና እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅን መሪ አስይዞ ነው የተሠራው። ያ ሥራ በየቀኑ ሊገድል ይችላል። ወንድም ጋሼ ይሄን እያወቀ ነው በየጠዋቱ የወጣው።

ስለዚህ ከእህት ወንድሞቼ ጋር መክረን ድንጋዩን አስቀየርን። አዲሱ «ወጣቶችን በረራ ሲያስተምር ዐረፈ» ይላል። እማዬ ብትኖር ትስማማ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ነጠላውን የሚያነሱልን ከሱ ጋር አንድ ኮርስ የነበሩት አባታችን ናቸው። እርስዎን እንጠብቃለን፣ ጋሼ። ቀስ ብለው ይምጡ፣ ልጆች እጃቸውን ያዙላቸው።